ክረምት ሳይገባ፦ የጋራ የፖስታ ሳጥን ጥገናና ኃላፊነት



ለዛሬው ሕዝባዊ ገለጻ የመረጥሁት ርእስ ትንሽ ይመስላል፤ ስለ ፖስታ ሳጥን ነው። ስልክ በየእጃችን በገባበት ዘመን ይህን ማንሣት ያለፈ ነገር መቀስቀስ የሚመስላችሁ ትኖሩ ይሆናል። ሆኖም በስልክ የማይላክ ነገር ዛሬም አለ፤ ዋናው የትምህርት ማስረጃ፣ ከውጭ አገር የሚመጣ የውክልና ሰነድ፣ ማኅተም ያረፈበት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ። እነዚህ በውሃ ቢበላሹ ሌላ ለማስጻፍ ወራት ይፈጃል።

የፖስታ አገልግሎት በአገራችን የተመሠረተው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1886 ዓ.ም. ነው። በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆናለች። ይሁን እንጂ ደብዳቤን እስከ ቤት ደጃፍ የማድረስ ልማድ በአገራችን አልተስፋፋም፤ ደብዳቤው የሚቆመው ከሳጥኑ ዘንድ ነው። ስለዚህ «ፖ.ሣ.ቁ.» ብለን የምንጽፈው ቁጥር ራሱ አድራሻችን ነው። አንዱ ቁጥርም ብዙ ሰው ያገለግላል። የትምህርት ቤቱ ሳጥን የመምህራኑም የተማሪዎቹም ነው፤ የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሳጥን የአባላቱ ሁሉ ነው፤ የራሱ ሳጥን የሌለው ሰው «በእገሌ በኩል» እያስባለ በዘመዱ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ቁጥር ይጠቀማል። በካናዳ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአዳዲስ ሰፈሮች የጋራ የፖስታ ሳጥኖች በመንገድ ዳር ተተክለዋል፤ በዚያ የክረምቱ ሥጋት በረዶ የያዘው ቁልፍ ነው። የእኛ ክረምት ደግሞ ዝናብ ነው።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ በ325 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በአጠገቧ ቦርከና ይፈስሳል፤ የጨፋ ረግረግም ቅርቧ ነው። በበጋ የጎዳናው አቧራ በቁልፍ ቀዳዳና በማጠፊያ ውስጥ ይከማቻል። ዝናቡ ሲጀምር ያ አቧራ ጭቃ ይሆናል፤ ጭቃውም እርጥበትን ከብረቱ ጋር አጣብቆ ያቆያል። ዝገት የሚፈልገው ብረት፣ ውሃና አየር ነውና፣ ሦስቱም በአንድ ቦታ ተገናኙ ማለት ነው።

ውሃ ወደ ሳጥኑ በሁለት መንገድ ይገባል። አንደኛው ግልጽ ነው፤ በተከፈተ መጋጠሚያ፣ በተጣመመ በር፣ ከተሰበረ አሸንዳ በሚረጭ ጠብታ። ሁለተኛውን ግን ብዙዎቻችን አናስተውለውም። ቀን በፀሐይ የጋለ ቆርቆሮ ማታ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እርጥብ አየር ወደ ጠብታነት ይለወጣል፤ ሳጥኑ ከውስጥ ያልበዋል። ስለሆነም ሳጥንን ከሁሉም ወገን መድፈን መፍትሔ አይሆንም። ከላይ መከደን፣ ከታች ግን ውሃ የሚወርድበት ትንሽ ቀዳዳ መተው ይገባል።

ወረቀት እርጥበትን ይስባል። የራሰ ወረቀት በሁለት ወይም በሦስት ቀን ውስጥ ሊሻግት ይችላል። ብዙ የማኅተም ቀለሞች ደግሞ በውሃ ይሟሟሉ፤ ጽሑፉ ቢተርፍ እንኳ ሰነዱን ሰነድ ያደረገው ማኅተም ደብዝዞ ይጠፋል።

በዘመን አቈጣጠራችን ክረምት የሚገባው ሰኔ 26 ቀን ነው፤ የሚወጣውም መስከረም 25 ቀን። ቀለም ለመድረቅ ደረቅ አየር ስለሚሻ ጥገናው በግንቦት ቢከናወን ይመረጣል። በወሎ የበልግ ዝናብ በሚገኝበት ዓመት ዝናቡ ራሱ መርማሪ ይሆንልናል፤ ከጣለ በኋላ ሳጥኑን ከፍቶ የረጠበውን ማዕዘን በጠመኔ ምልክት ማድረግ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ሳጥኑን ባዶ አድርጎ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ። ቀጥሎ የዛገውን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ንጹሑ ብረት ፈትጎ፣ የዝገት መከላከያ ቀለም፣ ማለትም አንቲረስት፣ ቀብቶ፣ ሲደርቅ ሁለተኛውን ቀለም መደረብ። በዝገቱ ላይ በቀጥታ የተቀባ ቀለም ከዝገቱ ጋር ተቀርፎ ይወድቃል። የላይኛውን መጋጠሚያ በሲሊኮን መድፈን፤ በበሩ ዙሪያ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ የተቈረጠ ቀጭን ጥብጣብ መለጠፍ። ለቁልፉ የምግብ ዘይት አይሆንም፤ አቧራ ሰብስቦ ይጣበቃል። የእርሳስ ውስጥ ግራፋይት ነውና በእርሳስ የተፈተገ መክፈቻ ደጋግሞ ማስገባትና ማውጣት ቁልፉን ያለሰልሰዋል። በመጨረሻም በላዩ የሚያፈስሰውን አሸንዳ መጠገን፣ ከሥሩም ውሃ የሚወስድ ቦይ መቅደድ።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ይህን ሁሉ በገዛ እጃችን የምናደርገው በቅጥር ግቢያችን በር ላይ ለተከልነው የራሳችን ሳጥን ነው። በፖስታ ቤት የተከራየነው ሳጥን አካል የፖስታ ቤቱ ንብረት ስለሆነ መብሳትም መቀባትም አይገባንም፤ ጉድለቱን ከሰኔ በፊት በጽሑፍ ማመልከት ነው የእኛ ድርሻ።

ይሁንና ሳጥኑ ታድሶም ደብዳቤ የሚበላሽበት ሌላ ምክንያት አለ። ክረምት ትምህርት ቤት የሚዘጋበት ወቅት ነው። መክፈቻውን የያዘው መምህር ወደ ትውልድ ቀዬው ይሄዳል፤ የማኅበሩ ጸሐፊ እርሻ ላይ ይሰነብታል። ሳጥኑ ሳይከፈት ሐምሌና ነሐሴ ያልፋሉ፤ ወረቀት በወረቀት ላይ ይታጨቃል፤ በሩ ሳይገጥም ይቀራል፤ ዝናቡም በዚያው ይገባል። እኔ እንደማየው ከዝገት ይልቅ ደብዳቤ የሚያጠፋው ይህ ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንላለን። እውነት ነው፤ ግን ሎሚው ጌጥ የሚሆነው እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሲያነሣ ነው። ሁሉም ሌላው ያነሣዋል ብሎ ካለፈ ሃምሳውም መሬት ላይ ይበሰብሳል። በወሎ ቅሬያችን ይህን ከኛ በፊት ያውቃል፤ ሐዘን ሲደርስ ማን መልእክት እንደሚያደርስ፣ ማን ዕቃ እንደሚያወጣ አስቀድሞ የተለየ ነው። የጋራ ሳጥንም ይህንኑ ሥርዓት ይሻል። መክፈቻው ሁለት ይሁን፤ ሁለቱ ያዦች በአንድ ጊዜ ከከተማ አይውጡ፤ በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን ይከፈት፤ የወጣው ደብዳቤ የባለቤቱ ስምና ቀኑ በመዝገብ ይጻፍ፤ ያዡ ሲለወጥም ርክክቡ በፊርማ ይሁን። የሌላ ሰው ደብዳቤ እንደታሸገ ለባለቤቱ መድረስ እንዳለበት መናገር አያሻም።

ሁሉም ተደርጎ ደብዳቤ ቢረጥብ፣ በእሳትም በፀሐይም አታድርቁት። ገጾቹን በዝግታ ለያይታችሁ፣ ንጹሕ መምጠጫ ወረቀት ከሥር አንጥፋችሁ፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ውስጥ ተዉት።

ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ እያንዳንዳችሁ አንድ ነገር እንድትጠይቁ አደራ እላለሁ፤ ስማችን የሚጻፍበትን ሳጥን መክፈቻ በዚህ ክረምት የሚይዘው ማን ነው? መልስ ካገኛችሁ ስሙን ጽፋችሁ በሳጥኑ አጠገብ ለጥፉ። መልስ ካጣችሁ ጥገናው ከዚያ ይጀምር።