ቃል የሌለው «የካቲት» እና የእኛ ዋዛ

አንባቢ ሆይ! ዘፈን ስለ ሕዝብ ኑሮ የሚናገረው በግጥሙ ብቻ ነውን? አሜሪካዊው ማርቪን ጌይ በ1971 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ዋትስ ጎይንግ ኦን» የተባለው አልበም፣ ሶልን ከጃዝ ጋራ አዋሕዶ የቬትናምን ጦርነትና የከተማን ድህነት በግልጥ ቃል ያነሣል። ሙላቱ አስታጥቄ በ1974 እ.ኤ.አ. በአምሐ እሸቴ አሳታሚነት ያወጣው ሸክላ ግን በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሲሆን ስሙ «የካቲት» ነው።

ስሙ እንዲያው የወር ስም አይደለም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ መወደድ፣ መምህራንም በትምህርት ለውጥ ዕቅድ ምክንያት ሥራ አቆሙ፤ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ሸክላው ለማን እንደሚያደላ አይናገርም። እኔ እንደሚመስለኝ ኀይሉም በዚሁ ነው፤ ወሩን ይጠራና የቀረውን ለሰሚው ይተዋል።

ሙላቱ በ1943 እ.ኤ.አ. ጅማ ተወልዶ፣ መሐንዲስ ለመሆን ዌልስ ሄዶ፣ ኋላ ሙዚቃን በለንደንና በቦስተን የተማረ ሰው ነው። የገጠመው ችግር ይህ ነበር፤ ትዝታና ባቲን የመሳሰሉት ቅኝቶቻችን አምስት ድምፅ ሲኖራቸው፣ ጃዝ ግን አሥራ ሁለቱንም ድምፅ ይጠቀማል። አሥራ ሁለቱ ያለ ልክ ሲጫኑበት የቅኝቱ ጠረን ይጠፋል። ስለዚህ ዜማውን ለአምስቱ ትቶ፣ ከሥር የሚያጅቡትን ድምፆች እየመረጠ አስገባ፤ ይህንንም «ኢትዮ ጃዝ» አለው።

ነገሩ ለእኛ ለአሶሳ ተማሪዎች ቅርብ ነው። የበርታ ዋዛ (አማርኛው «ዋዛ» ቀልድ ማለቱን ይቅር ይበሉንና) ቅል በቅል እየተቀጠለ የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። አንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ይሰጣል፤ ዜማው የሚገኘው ነፊዎቹ ተራቸውን ጠብቀው ሲገቡ ነው። አንዱ ቢዘገይ ዜማው ይቋረጣል። ዛሬ ይህን ሁሉ አንድ ሰው በኦርጋን በአንድ እጁ ሊጫወተው ይችላል፤ ድምፁ ይገኛል፣ መጠባበቁ ግን የለም። እንግዲህ ከመካከላችን ዋዛን ከጃዝ ጋራ ለማዋሐድ የሚነሣ ቢኖር፣ ሳክስፎኑ መለከቶቹን ተክቶ ሳይሆን እንደ አንድ ተጨማሪ ነፊ ተራውን ጠብቆ ቢገባ የሚሻል ይመስለኛል።