በአንድ የምክር ቤት ዘመን ስንት መንግሥት? ጣና ዳርና ያልተጠራው አንቀጽ 60

ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ድምፁን ለገዢው ግንባር ለኢሕአዴግ የንብ ምልክት የሰጠ መራጭ ወደ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የላከው የብአዴንን ዕጩ ነበር። ብአዴን በመስከረም 2011 እዚያው ባሕር ዳር ባካሄደው ጉባኤ ስሙን አዴፓ አለ፤ በኅዳር 2012 ደግሞ ብልጽግና ውስጥ ገብቶ ከሰመ። ተወካዩ ከወንበሩ ሳይነሳ የሦስት ፓርቲ ሰው ሆነ ማለት ነው። በዚያው የምክር ቤት ዘመን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተቀየሩ፣ በአማራ ክልልም ገዱ አንዳርጋቸው፣ አምባቸው መኮንን፣ ተመስገን ጥሩነህና አገኘሁ ተሻገር በርዕሰ መስተዳድርነት ተፈራረቁ። መራጩ ግን እስከ ሰኔ 2013 ድረስ ማንም ሐሳቡን አልጠየቀውም።

ሕገ መንግሥቱ የምክር ቤቱን ዘመን አምስት ዓመት ያደርገዋል፤ አዲሱ ምርጫም ዘመኑ ሊያልቅ አንድ ወር ሲቀረው መጠናቀቅ አለበት። አስፈጻሚውን የሚያደራጀው አብላጫ መቀመጫ ያገኘ ፓርቲ ወይም የፓርቲዎች ጣምራ ነው። ጣምራው ቢፈርስስ? መልሱ አንቀጽ 60 ላይ አለ። ተጣምረው የሚገዙ ድርጅቶች ተለያይተው አብላጫቸውን ካጡ፣ ፕሬዚዳንቱ በምክር ቤቱ ያሉ ፓርቲዎች በአንድ ሳምንት ውስጥ ሌላ ጣምራ መንግሥት እንዲመሠርቱ ይጋብዛሉ። ካልተስማሙ ምክር ቤቱ ይበተንና በስድስት ወር ውስጥ ምርጫ ይደረጋል። እስከዚያ ያለው መንግሥት የዕለት ተዕለት ሥራ ከማከናወንና ምርጫ ከማዘጋጀት አልፎ አዲስ አዋጅ ማውጣት አይችልም። ጥሩ ድንጋጌ ነው። ከ1987 ጀምሮ ግን አንድ ጊዜም ሥራ ላይ ውሎ አያውቅም።

ምክንያቱ ጣምራው ይኖር የነበረው ከምክር ቤቱ ውጭ መሆኑ ነው። ኢሕአዴግ የአራት ድርጅቶች ግንባር ነበር፤ ሕወሓት፣ ብአዴን፣ ኦሕዴድና ደኢሕዴን በ180 አባላት ምክር ቤቱ ውስጥ እኩል 45፣ 45 ድምፅ ነበራቸው። የሕዝባቸው ብዛት የቱንም ያህል ቢለያይ በግንባሩ ውስጥ የነበራቸው ሚዛን አንድ ነበር። ክርክሩ፣ ድርድሩ፣ የሥልጣን ክፍፍሉ ሁሉ እዚያ ያልቅና ፓርላማ ይደርስ የነበረው ውሳኔው ብቻ ነበር። መለስ ዜናዊ ካረፉ በኋላ የመጀመሪያው የግንባሩ ድርጅታዊ ጉባኤ፣ ዘጠነኛው፣ በመጋቢት 2005 የተካሄደው ባሕር ዳር ላይ ነበር፤ የኃይለማርያም ደሳለኝ ሊቀመንበርነት የጸናውም በዚሁ ጉባኤ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ማን ሆኖ እንደሚቀጥል በተግባር የተወሰነው በጉባኤተኛው እንጂ በሕዝብ ተወካዮች አልነበረም።

የ2010ሩን ለውጥ ለመረዳትም መነሻው ጣና ነው። በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ሐይቁን እየወረረ የነበረውን እምቦጭ ለመንቀል ከኦሮሚያ ወጣቶች መጡ። «ጣና ኬኛ» የሚለው መፈክር ከአረሙ አልፎ የሁለት ክልሎች መቀራረብ መጠሪያ ሆነ። ቀጥሎ በጥቅምት የኦሮሚያ ፕሬዚዳንት ለማ መገርሳ የክልላቸውን ልዑካን መርተው ባሕር ዳር ገቡ፤ ገዱ አንዳርጋቸው ተቀበሏቸው። ለማ «ኢትዮጵያዊነት ሱስ ነው» ያሉት እዚህ ነው። ከአቀባበሉ ጀርባ የነበረው ሒሳብ ግን ግልጽ ነበር፦ ኦሕዴድና ብአዴን ከተባበሩ ከ180ው 90 ድምፅ በእጃቸው ይገባል። ሌላ አገር ቢሆን በፓርላማ ወንበሮች መካከል የሚደረገው የጣምራ ለውጥ፣ እኛ ዘንድ በሐይቅ ዳር ጉብኝት ተጀመረ።

የካቲት 8 ኃይለማርያም ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ። የካቲት 23 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ለፓርላማ ቀረበ፤ እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ በላይ የምቆምበት ቀን ይህ ነው። በ2007ቱ ምርጫ ኢሕአዴግ 500፣ አጋሮቹ 47 ወንበር ወስደው 547ቱም ወንበሮች በአንድ ወገን እጅ ነበሩ። በዚያ ቤት 88 አባላት እጃቸውን አውጥተው ተቃወሙ፣ 7 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። አፈ ጉባኤው መጀመሪያ የድጋፉን ድምፅ 346 ብለው አሳወቁ፤ ይህ ከሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛ በታች ነበር። ኋላ ቁጥሩ 395 ነው ተብሎ ታረመ። ቆጠራው ብዙ አከራክሯል። እነዚያ 88 እጆች ግን ተወካይ ተጠሪነቱ ለሕዝቡ፣ ለሕገ መንግሥቱና ለኅሊናው ነው የሚለው አንቀጽ 54 በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር እንዳልሆነ ያሳዩ እጆች ናቸው።

የኃይለማርያምን ተተኪ ሊቀመንበር የመረጠው ግን የግንባሩ ምክር ቤት ነው። ደመቀ መኮንን ከፉክክሩ ወጡ፣ ዐቢይ አሕመድ በ108 ድምፅ አሸነፉ፣ ሽፈራው ሽጉጤ 59 አገኙ። ፓርላማው መጋቢት 24 ቀን ሹመቱን አጸደቀ።

ከዚያ የመጣው የ2012ቱ ውህደት ነው። ሦስቱ የግንባሩ አባላትና አምስት አጋር ድርጅቶች ብልጽግናን መሠረቱ፤ ሕወሓት አልገባም አለ። ሕዝብ የመረጠው ግንባር ፈረሰ። አንቀጽ 60 ለምን አልተጠራም? በጥብቅ ሕጋዊ ንባብ መልሱ አጭር ነው፦ ከ547 ወንበር የትግራይ 38 ቢቀነስ እንኳ የቀሩት 509 ናቸው፣ አብላጫው አልጠፋም። ሕወሓት በበኩሉ ሕዝብ ድምፅ የሰጠው ለኢሕአዴግ እንጂ ላልነበረ ፓርቲ አይደለም እያለ ተከራከረ። ሕጉ ያልገመተው ነገር ይኸው ነው፤ ጣምራ ሲፈርስ የሚሆነውን ደንግጓል፣ ጣምራ ወደ አንድ ፓርቲ ሲለወጥ ግን ዝም ብሏል።

ለነሐሴ 2012 የታቀደው ምርጫ ደግሞ በኮሮና ምክንያት ተራዘመ። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ሰኔ 3 ቀን ሕገ መንግሥቱን ተርጉሞ የምክር ቤቶቹ ዘመን ወረርሽኙ ስጋት መሆኑ እስኪያበቃ እንዲቀጥል ወሰነ። አፈ ጉባኤዋ ኬሪያ ኢብራሂም ከውሳኔው ሁለት ቀን በፊት ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ትግራይ ጳጉሜ 4 ቀን የራሷን ምርጫ አካሄደች፤ ሁለቱ ወገኖች አንዱ የሌላውን ሕጋዊነት አልቀበልም እንዳሉ ወደ ጦርነት ተገባ። የአንድ ምክር ቤት ዘመን መቼ ያበቃል የሚለው ጥያቄ የሰው ሕይወት ካስከፈሉት ጥያቄዎች አንዱ ሆነ።

በሰኔ 2013ቱ ምርጫ በመጀመሪያ ከተገለጹት 436 ወንበሮች ብልጽግና 410 አገኘ። በሰኔ 2010 ባሕር ዳር ላይ የተመሠረተው አብን 5፣ ኢዜማ 4 ወሰዱ። በመስከረም 2014 የተመሠረተው መንግሥት ግን ተቃዋሚዎችንም አካተተ፤ የአብኑ በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ፣ የኢዜማው ብርሃኑ ነጋ የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። ብዙ ሰው ይህን ጥምር መንግሥት ይለዋል፤ እኔ አልስማማም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በ2016 ዓ.ም. ገዢው ፓርቲ ኤኤንሲ ከ400 ወንበር 159 ብቻ ሲያገኝ ያለ አጋር ፕሬዚዳንት ማስመረጥ አይችልም ነበር፤ አጋሮቹ ቢለቁ መንግሥቱ ይናጋል። እኛ ዘንድ 5 ወንበር ያለው ፓርቲ ነገ ቢወጣ የሚናጋ ነገር የለም። የተጋበዘ ሚኒስትር መልካም ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ መንግሥትን የመያዝ አቅም ግን የለውም።

የባሕር ዳር ሰው ደግሞ ይህንን ሁሉ የሚያየው በራሱ ከተማ ነው። አምባቸው መኮንን በየካቲት 2011 ተሹመው ሰኔ 15 ቀን በስብሰባ ላይ ሳሉ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ተገደሉ። በመስከረም 2014 የተሾሙት ይልቃል ከፋለም ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው፣ ክልሉ በጦርነትና በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ውስጥ ሳለ፣ በነሐሴ 2015 ለአረጋ ከበደ አስረከቡ። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በሐምሌ መጨረሻ፣ የአብን የሕዝብ ተወካይ ክርስቲያን ታደለ ታሰሩ። የክልሉ ምክር ቤት ሹመቶቹን አጽድቋል፤ ቀድሞ የተከራከረበት፣ ሕዝብም የተከታተለው ውይይት ግን አልነበረም። በየጊዜው መሪው ለምን እንደተቀየረ የጣና ዳር ነዋሪ ከመራጭነቱ ያገኘው ማብራሪያ የለም።

የአሁኑ የፌዴራል ምክር ቤት አምስት ዓመት መስከረም 2019 ላይ ይሞላል። ለቀጣዩ ዘመን አንቀጽ 60ን ማሻሻል ከባድ ቢሆን እንኳ የምክር ቤቱ የሥነ ሥርዓት ደንብ ሊሸፍነው የሚችል ክፍተት አለ፦ ገዢው ፓርቲ ወይም ግንባር በዘመኑ መካከል ከተዋሐደ፣ ከተከፈለ ወይም መሪውን ከቀየረ፣ በአሥር ቀን ውስጥ ለመንግሥቱ የመተማመኛ ድምፅ በስም ጥሪ ይሰጥ፣ የእያንዳንዱ ተወካይ ድምፅም በምርጫ ክልሉ ስም ይታተም። የባሕር ዳር መራጭ ተወካዩ በዚያ ቀን እጁን ለማን እንዳነሳ ያኔ ያውቃል።