ፎርኸርዝ

ፎርኸርዝ በብርጭቆ ፋብሪካ ውስጥ የቀለጠውን ብርጭቆ ከማቅለጫው ምድጃ ተቀብሎ ቅርጽ ወደሚያወጣው ማሽን የሚያደርስ፣ በመንገዱም ላይ ሙቀቱን የሚያስተካክል ሽፋን ያለው ቦይ ነው። የሚሠራው ከፍተኛ ሙቀት ከሚችል ጡብ ነው። በውስጡ የሚካሄደው ሥራ ማሰናዳት ወይም ኮንዲሽኒንግ ይባላል። የዚህ ሥራ ዓላማ ብርጭቆውን ማቀዝቀዝ ብቻ ሳይሆን፣ ከላይ እስከ ታች፣ ከግራ እስከ ቀኝ እኩል ሙቀት እንዲኖረው ማድረግ ነው።

በምድጃው ውስጥ ያለው ቦታ

ለጠርሙስ የሚሆን ብርጭቆ የሚሠራው በዋናነት ከሲሊካ አሸዋ፣ ከሶዳ አሽ፣ ከኖራ ድንጋይና ከተሰባበረ ብርጭቆ ነው። ድብልቁ 1500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ሙቀት ይቀልጣል። ሶዳ አሹና የኖራ ድንጋዩ ሲፈርሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቁ ቅልጡ በአረፋ ይሞላል። አረፋውን የማስወጣቱ ደረጃ ማጥራት ይባላል። ለዚህም ሶዲየም ሰልፌት በጥቂቱ ይጨመራል። ሰልፌቱ በከፍተኛ ሙቀት ጋዝ ሲለቅ ትንንሾቹ አረፋዎች ያብጣሉ፤ ትልቅ አረፋ ደግሞ ከትንሹ በፍጥነት ወደ ላይ ይወጣል። በድሮ ጊዜ የብርጭቆ ሠሪዎች ለተመሳሳይ ዓላማ እርጥብ እንጨት ወይም ድንች ቅልጡ ውስጥ ይነክሩ ነበር፤ የሚወጣው እንፋሎት ብርጭቆውን ያማስለው ነበርና።

የጠራው ብርጭቆ ከምድጃው ሥር ባለ ጠባብ መተላለፊያ ያልፍና ማከፋፈያ ክፍል ይገባል። ከዚያ ወደየፎርኸርዙ ይከፈላል። አንድ ምድጃ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ፎርኸርዝ ይኖረዋል፤ እያንዳንዱም የየራሱን ማሽን ይመግባል።

እኩል ሙቀት ለምን ያስፈልጋል?

ብርጭቆ እንደ በረዶ በአንድ የታወቀ ሙቀት ላይ የሚረጋ ነገር አይደለም። እንደ ማር፣ ሲቀዘቅዝ ቀስ በቀስ እየወፈረ ይሄዳል። ከ1450 ዲግሪ ወደ 1000 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ ውፍረቱ ከመቶ እጥፍ በላይ ይጨምራል። ስለዚህ በአንድ ጠብታ ውስጥ አንዱ ጎን ከሌላው ቢሞቅ፣ የሞቀው ጎን ሲነፋ አብዝቶ ይለጠጣል፤ የቀዘቀዘው ጎን ግን ወፍራም ሆኖ ይቀራል። እኩል ባልጋለ ምጣድ ላይ የተጋገረ እንጀራ አንድ ወጥ እንደማይሆን ሁሉ፣ እንዲህ ያለው ጠርሙስም ግድግዳው አንድ ወጥ አይሆንም።

አሠራር

በቦዩ ውስጥ መሐል ላይ ያለው ብርጭቆ ሞቃትና ፈጣን ሲሆን፣ ግድግዳውን የሚነካው ግን ይቀዘቅዛል፤ ይዘገያልም። ይህን ለማስተካከል ከግራና ከቀኝ ያሉ ማቃጠያዎች ጠርዙን ያሞቃሉ፤ ከላይ የሚነፍስ አየር ደግሞ መሐሉን ያቀዘቅዛል። ፎርኸርዝ ብዙውን ጊዜ ሁለት ዋና ክፍሎች አሉት፦

የማቀዝቀዣ ክፍል፦ የብርጭቆው አጠቃላይ ሙቀት የሚወርድበት ነው።

የማስተካከያ ክፍል፦ በጠርዝና በመሐል፣ በላይና በታች ያለው ልዩነት የሚጠፋበት ነው።

በማስተካከያው ክፍል መጨረሻ ላይ ሙቀቱ በብዙ ፋብሪካዎች በ9 ነጥቦች ይለካል፦ በግራ፣ በመሐልና በቀኝ፣ እያንዳንዱም በሦስት ጥልቀት። ከዚያ ብርጭቆው ከ1050 እስከ 1200 ዲግሪ በሆነ ሙቀት በቦዩ ጫፍ ባለው ቀዳዳ ይወርዳል፤ በመቀስ እየተቆረጠም ጎብ የሚባል ወፍራም ጠብታ ይሆናል። ከአንድ ጎብ አንድ ጠርሙስ ይወጣል። የሙቀት መጠኑ ሲለዋወጥ የጎቡ ክብደትም አብሮ ይለዋወጣል።

መቆጣጠሩ ትዕግሥት ይጠይቃል። ብርጭቆው በቦዩ ውስጥ ቀስ ብሎ ስለሚጓዝ የተደረገው ማስተካከያ ውጤቱ የሚታየው ዘግይቶ ነው። ውጤቱን ሳይጠብቅ እሳቱን ደጋግሞ የሚጨምርና የሚቀንስ ተቆጣጣሪ፣ ሰውም ይሁን ኮምፒውተር፣ ሙቀቱን ያወዛውዘዋል። ከመጠን በላይ የቀዘቀዘን ብርጭቆ መልሶ ማሞቅም አደጋ አለው፤ በውስጡ ሟሙቶ የቀረው ጋዝ እንደገና አረፋ ሆኖ ሊወጣና የማጥራቱን ድካም ከንቱ ሊያደርገው ይችላል።

የብርጭቆው ቀለምም ለውጥ ያመጣል። ነጭ ብርጭቆ የእሳቱን ጨረር ወደ ጥልቁ ያሳልፋል። ቡናማና አረንጓዴ ብርጭቆ ግን ጨረሩን ከላይ ስለሚያስቀር ታችኛው ክፍል በቀላሉ ይቀዘቅዛል። በዚህ ምክንያት የቢራ ጠርሙስ የሚሠራበት ፎርኸርዝ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ታሪክ

በ1903 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው ማይክል ኦወንስ የፈለሰፈው አውቶማቲክ የጠርሙስ ማሽን ብርጭቆውን ከሚሽከረከር ገንዳ ወደ ላይ ይመጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ጎብ የሚያወርዱ መጋቢዎች ሲስፋፉ፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ክብደትና ሙቀት ያለው ጠብታ የሚያቀርብ ፎርኸርዝ የግድ ሆነ።

በኢትዮጵያ

በአዲስ አበባ አስኮ አካባቢ የሚገኘው የአዲስ አበባ ጠርሙስና ብርጭቆ ፋብሪካ በአገሪቱ ከቆዩት የብርጭቆ ፋብሪካዎች አንዱ ነው። በደብረ ብርሃንም ጁኒፐር የተባለ የጠርሙስ ፋብሪካ ተቋቁሟል። ለብርጭቆ ሥራ የሚያስፈልገው ሶዳ አሽ በስምጥ ሸለቆ ከሚገኘው ከአብያታ ሐይቅ ሲመረት ቆይቷል።

የማሰናዳት ጥራት ትርጉም የሚታየው ግን ከፋብሪካው ርቆ ነው። የለስላሳና የቢራ ጠርሙስ አንድ ጊዜ ተጠጥቶበት አይጣልም፤ በሣጥን ተመልሶ ይታጠባል፣ እንደገናም ይሞላል። ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ጭሮ (አሰበ ተፈሪ) የሚሄድ ሣጥን ከአዋሽ ቆላ በሚኤሶ በኩል አልፎ ወደ ጭርጭር ደጋ ይወጣል፤ ከጭሮም ወደ ሂርና፣ ወደ በደሳና ወደ ገለምሶ ይቀጥላል። በእያንዳንዱ ዙር ጠርሙሱ መንገድ ላይ ይጋጫል፣ በሙቅ ውሃ ይታጠባል፣ የመጠጡንም የጋዝ ግፊት ይሸከማል። በአንድ ጎኑ የሳሳ ጠርሙስ የሚሰነጠቀው በዚያው በሳሳው ቦታ ነው። ሲፈነዳም የሚጎዳው የያዘው ሰው ነው፤ ባለሱቁ ወይም ጠጪው።

ምድጃው አንዴ ከተለኮሰ ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ ለዓመታት ይሠራል። ፎርኸርዙም አብሮት መቆም የለበትም፤ ብርጭቆው ቦዩ ውስጥ ከረጋ እንደገና ማፍሰሱ ከባድ ነው፣ ጡቡም ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ለብርጭቆ ፋብሪካ የማይቋረጥ ነዳጅና ኤሌክትሪክ ማግኘት እንደ አሸዋውና እንደ ሶዳው ሁሉ መሠረታዊ ግብዓት ነው።