ደም የሰጠ ሰው ምን ፈቀደ?

እኛ የፊዚክስ ሰዎች ለምንለካው ነገር ፈቃድ ጠይቀን አናውቅም። ፔንዱለም ስናወዛውዝ ወይም ብርሃን በፕሪዝም ስናሳልፍ «ውጤቱን ለምን ልታውሉት ነው?» የሚለን የለም። ከሰው የተቀዳ ደም ግን ባለቤት አለው። ለመሆኑ ባለቤቱ ደሙን ሲሰጥ አብሮ የሚፈቅደው ምንድን ነው?

በምርምር ሥነ ምግባር «በመረጃ ላይ የተመሠረተ ስምምነት» የሚባለው፣ ናሙና ሰጪው ናሙናው ለምን ጥናት እንደሚውል፣ የት እንደሚቀመጥና ለማን እንደሚተላለፍ ተረድቶ ያለ ግፊት ሲፈቅድ ነው። ፊርማው የመረዳቱ ማስረጃ እንጂ ምትኩ አይደለም።

በአሜሪካ፣ በግራንድ ካንየን ሸለቆ የሚኖሩት የሀቫሱፓይ ነባር ሕዝቦች የስኳር በሽታ ክፉኛ ስላጠቃቸው እ.ኤ.አ. ከ1990 ጀምሮ ለአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ደማቸውን ሰጡ። የፈረሙበት ቅጽ ግን በጥቅሉ ስለ ባሕርይና ስለ ጤና ችግሮች መንስኤ የሚናገር ነበር። ደሙም ስለ ስኪዞፍሬኒያ፣ ስለ ዘመዳሞች ጋብቻና ስለ ጥንታዊ የሕዝቦች ፍልሰት ለተደረጉ ጥናቶች ዋለ። ጎሳው ይህን ያወቀው በ2003 ከአባላቱ አንዷ የዶክትሬት ጥናት ሲቀርብ በአዳራሹ ተገኝታ ስታዳምጥ ነው። የፍልሰቱ ጥናት በተለይ አቆሰላቸው፤ አባቶቻቸው ያስተማሯቸው ከዚያው ሸለቆ መብቀላቸውን ነውና። ክሱ በ2010 በስምምነት ሲያልቅ ለ41 ሰዎች 700,000 ዶላር እንዲከፈልና የቀረው ደም እንዲመለስ ተወሰነ። ከተመራማሪዎቹ ወገን «ፈቃዱ ሰፊ ነበር» የሚል መከራከሪያ ቀርቧል። የቅጹን ቃል ብቻ ላነበበ ክርክሩ መሠረት የለውም አይባልም፤ ቅጹ የሚለውና ሰዎቹ የተረዱት ግን አንድ አልነበሩም።

እኛን ይበልጥ የሚገርመን የዓመቶቹ መገጣጠም ነው። የሰው ጂኖም ፕሮጀክት የተጀመረው በ1990፣ የተጠናቀቀው በ2003 ነው። በማቀዝቀዣ የቆየው ደም አልተለወጠም፤ የሚያነበው መሣሪያ ግን ተለወጠ። የትናንትናውን የአየር ሙቀት ዛሬ በተሻለ ቴርሞሜትር መልሰን ልንለካው አንችልም፤ አልፏልና። ደም ግን ሦስት ቢሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ፊደላት ጥንዶችን እንደያዘ ይጠብቃል፤ ፊርማው ሲፈረም ማንም ያላሰበውን ጥያቄ ሊመልስ ይችላል።

«ስሙን ፍቀን ቁጥር ብንሰጠውስ?» የሚል ተማሪ አይጠፋም። አይበቃም። በ2013 የታተመ አንድ ጥናት ስማቸው ያልተገለጸ ሰዎችን ከዲኤንኤ መረጃቸውና በይፋ ከሚገኙ የዘር ሐረግ መዛግብት ተነሥቶ ለይቷቸዋል። ልጅ ደግሞ ከእያንዳንዱ ወላጁ ግማሹን ስለሚወርስ የአንዱ ፊርማ ያልፈረሙትንም ይነካል።

አንዳንድ ተቋማት ለአንድ ጥናት ብቻ፣ ሌሎች ለወደፊት ጥናቶች ሁሉ ፈቃድ ይጠይቃሉ። በእኛ አስተያየት የሚሻለው ሰጪው «ይህን አዎ፣ ያንን አይሆንም» እያለ እንዲመርጥ የሚያደርገው ቅጽ ነው፤ አድካሚነቱ ሳይዘነጋ።

በአገራችን በወላይታ የፖዶኮኒዮሲስን፣ ማለትም በባዶ እግር አፈር ከመርገጥ የሚመጣውን የእግር እብጠት፣ የዘር ተጋላጭነት ያጠኑ ተመራማሪዎች ናሙና ከመሰብሰባቸው አስቀድሞ ፈቃድ በምን መንገድ ቢጠየቅ እንደሚሻል ነዋሪውን አነጋግረው ነበር። በሽታው ከዘር ጋር ይያያዛል ቢባል በታማሚዎቹ ቤተሰቦች ላይ ያለው መገለል እንዳይብስ የሚለው ስጋት የተነሣው በዚያ ውይይት ነው፤ ገና አንድ ጠብታ ደም ሳይቀዳ።