የስፓም ማጣሪያና የሜይል ሰርቨር፦ ወሳኙ መጋጠሚያው ነው

የሜይል ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎች ስለ ስፓም ሲከራከሩ አብዛኛውን ጊዜ ጥያቄያቸው የትኛው ማጣሪያ ይሻላል የሚል ነው። በእኔ እምነት ግን ውጤቱን ከማጣሪያው ዓይነት ይልቅ የሚወስነው ከሰርቨሩ ጋር የሚገጥምበት ቦታ ነው። በነፃ ሶፍትዌር ዓለም ለዓመታት የተለመደው ጥምረት ይህ ነው፦ ፖስትፊክስ ደብዳቤውን ይቀበላል፣ አማቪስ አባሪዎቹን ፈትቶ ያስመረምራል፣ ክላምኤቪ ቫይረስ ይፈልጋል፣ ስፓምአሳሲን ነጥብ ይሰጣል። ጀስቲን ሜሰን በ2001 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስፓምአሳሲን ብዙ ጥቃቅን ምልክቶችን እየደመረና እየቀነሰ ድምሩ 5 ሲደርስ ደብዳቤውን ስፓም ይለዋል።

ይህ ቁጥር ግን አማቪስ ውስጥ ሲገባ ሥልጣኑን ያጣል። በተለመደው አወቃቀር ፖስትፊክስ ደብዳቤውን በፖርት 10024 ለአማቪስ ይሰጣል፣ በ10025 መልሶ ይቀበላል፤ በሁለተኛው በር ላይ ምርመራው ካልተዘጋ ደብዳቤው በሁለቱ መካከል ሲሽከረከር ይቀራል። አማቪስ ስፓምአሳሲንን የሚጠራው እንደ ፐርል ላይብረሪ በራሱ ሂደት ውስጥ ነው። ስለዚህ ለብቻው የተነሳው የስፓምአሳሲን አገልግሎት ምንም አይጠየቅም፤ ደብዳቤው ምልክት ይደረግበት ወይስ ይታገድ የሚለውንም የሚወስነው የአማቪስ የራሱ ጣሪያ ነው። ስፓምአሳሲን ከደብዳቤ ምሳሌዎች የሚማርበት የቤይዝ ትምህርትም እንዲሁ ነው። አስተዳዳሪው በሩት ስም ሆኖ ቢያሠለጥነው እውቀቱ የሚከማቸው አማቪስ በማያየው ማኅደር ነው፤ በትክክለኛው ማኅደር እንኳ 200 ስፓምና 200 ጤነኛ ደብዳቤ እስኪማር ድረስ ቤይዝ ነጥብ አይሰጥም። የአማርኛ ደብዳቤ ለሚበዛበት መሥሪያ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ከማጣሪያው ጋር የሚመጡት የቃላት ሕጎች በአብዛኛው ለእንግሊዝኛ የተጻፉ ስለሆኑ የአገሩን ስፓም የሚለየው በቦታው የሚሰጠው ሥልጠና ነው።

ከሁሉ የሚከብደው የፍርዱ ሰዓት ነው። ከላይ ባየነው አሠራር ምርመራው የሚጀምረው ሰርቨሩ ደብዳቤውን ተቀብያለሁ ካለ በኋላ ነው። ያኔ ስፓሙን ለላኪው ልመልስ ቢል አድራሻው ብዙ ጊዜ የተጭበረበረ ነውና ማስታወቂያው ምንም በማያውቅ ሰው ላይ ይወርዳል። ዝም ብሎ ቢጥለው ደግሞ በስህተት የተፈረደበት ጤነኛ ደብዳቤ ላኪውም ተቀባዩም ሳያውቁ ይጠፋል። ሚልተር በሚባለው መንገድ ግን ግንኙነቱ ሳይቋረጥ በ550 መልስ እምቢ ማለት ይቻላል፤ እውነተኛ ላኪ ደብዳቤው እንዳልደረሰ ከራሱ ሰርቨር ይሰማል። ይህ ሰርቨሩን ያስጨንቃል፣ ላኪውንም ያስጠብቃል የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸው መሠረት አለው፣ የይዘት ምርመራ ሴኮንዶች ሊፈጅ ይችላልና። መፍትሔው ርካሹን ፍተሻ ማስቀደም ነው፦ የፖስትፊክሱ ፖስትስክሪንና የጥቁር መዝገብ ጥያቄ ብዙውን ቦትኔት ይዘቱ ሳይነበብ ይመልሱታል። አርስፓምድ የተባለውን ማጣሪያ መትከል ይበቃል ለሚሉም መልሴ ያው ነው፦ እርሱም ፈጣን ቢሆንም በየት እንደሚገጥም መወሰን አለበት።

አዲስ ሰርቨር የምትተክሉ ባለሙያዎች ስፓምን ሰርቨሩ ከመቀበሉ በፊት ውድቅ አድርጉ፤ ነባሩን አሠራር ማስቀጠል ግድ የሚሆንባችሁ ደግሞ ስፓምን ለላኪው አትመልሱ፣ በማቆያ አኑሩት፣ ማቆያውንም የሚያይ ሰው መድቡ።