ለጉልበት መድኃኒቱ ጭን ላይ ነው

ከሚሴ ሞቃት ከተማ ናት። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ግን እንደ ደገኛው «ብርድ ነው» ይላል። ብርድ ሕመሙን ያባብሰው እንደሆነ እንጂ አያመጣውም። ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን ጉልበት ከሁሉ አብልጦ የሚያሠቃየው ኦስቲዮአርትራይተስ ነው፤ የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት ይሳሳል፣ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ዳር ዳሩ ላይ ትርፍ አጥንት ይበቅላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ጉልበታቸው በዚህ የተያዘ ሰዎች በዓለም ወደ 365 ሚሊዮን ይጠጋሉ።

ወደ ባቲ የሰኞ ገበያ በእግሩ ሲመላለስ የኖረ ሰው «መንገዱ ጨረሰኝ» ቢል አይፈረድበትም፤ ነገር ግን መራመድ ጉልበት አይጨርስም። የሚጎዳው ከባድ ሸክም፣ ለረጅም ሰዓት ቁጢጥ ማለት፣ የቆየ ስብራት ወይም ውልቃት፣ የሰውነት ክብደትም ነው። ልም አጥንት የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ጉልበት ሲታጠፍና ሲዘረጋ ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ነው። ስለዚህ «አሳርፈው» ከሚባሉ ምክሮች ሁሉ ክፉው ነው እላለሁ። ያረፈ እግር ጭኑ ይከሳል፤ ጭን ሲከሳ ሸክሙ ሁሉ በጉልበት ላይ ያርፋል።

ዋናው ሕክምና እንግዲህ ጭንን ማጠንከር ነው። በጀርባ ተኝቶ አንዱን እግር አጥፎ፣ ሌላውን ቀጥ አድርጎ አንድ ስንዝር ያህል ማንሳት፣ እስከ አምስት ቆጥሮ ቀስ ብሎ ማውረድ፤ አሥር ጊዜ። ከወንበር እጅ ሳይደገፉ መነሣትም ይረዳል። ለውጡ ከሳምንታት በኋላ ነው የሚታየው፤ ብዙዎች ሳይደርሱበት ይተዉታል። ወፍራም ሰው 1 ኪሎ ሲቀንስ በየእርምጃው ጉልበቱ ላይ የሚያርፈው ጫና 4 ኪሎ ያህል ይቀንሳል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለአህያ ይተው። ቡና ሲፈላ ዱካው ከፍ ይበል። ሱጁድ የሚከብደው ተቀምጦ መስገድ ይፈቀድለታል። ከዘራ ከታመመው ጉልበት በተቃራኒው እጅ ይያዛል፤ ብዙ ሰው የሚይዘው ግን በዚያው በኩል ነው።

የዲክሎፍናክ ቅባት ከክኒን ይቀድማል። ክኒኖቹ ሕመም ያስታግሳሉ፤ ሲበዙ ግን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ፣ የደም ግፊት ያባብሳሉ። የስቴሮይድ መርፌ የሚሰጠው እፎይታ የሳምንታት ነው። የቦርከና ሸለቆ ፍል ውኃም ያፍታታል፤ የሳሳውን ልም አጥንት ግን አይመልስም። ይህ ሕመም ውልቃት ስላልሆነ ወጌሻ ጉልበቱን አይጎትተው፣ አይጠምዝዘው።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ እንቅልፍና መንገድ ለከለከለው የመጨረሻው አማራጭ በቀዶ ሕክምና ሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ማስገባት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይሠራል፤ ዋጋው ግን ለብዙ ቤተሰብ የማይቀመስ ነው። በሌሎች አገሮች በተደረገ ክትትል ከእነዚህ መገጣጠሚያዎች 80 በመቶ ያህሉ ከ25 ዓመት በኋላም ያገለግላሉ።

ጉልበትዎ በድንገት ካበጠ፣ ከጋለና ትኩሳት ካለዎት ግን ልምምዱን ትተው በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።