«መቆጣጠሪያ»፣ «መመጠኛ» ወይስ «ተቆጣጣሪ»?
ስለ ትንንሽ ሞተሮች የፍጥነት መሣሪያ አመራረጥና አሰያየም

1. መግቢያ

በመካነ ሰላምና በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ በፀሐይ ብርሃን የሚሞላ የ12 ቮልት ባትሪ ለገጠር ቤት እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። ባትሪ በገባበት ቤት መጀመሪያ መብራት፣ ቀጥሎም ትንሽ ሞተር መከተሉ አይቀርም። ሞተሩ ሲመጣ ደግሞ ፍጥነቱን እንደ ሥራው የሚለዋውጥ መሣሪያ ያስፈልጋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን መሣሪያ ዓይነቶችና አመራረጥ ማስረዳት፣ ከዚያም ለየዓይነቱ ተስማሚ የአማርኛ ስም ማመልከት ነው። ሁለቱ ጉዳዮች የማይነጣጠሉ መሆናቸው ከዚህ በታች ይታያል።

ለምሳሌ አንድ ባለእጅ በመካነ ሰላም ሆኖ እንዝርትን በሞተር ለማዞር አሰበ እንበል። ዕቃውን ከደሴ ለማስመጣት በወረቀት ላይ «ኮንትሮለር» ብሎ ጽፎ ይልካል። በፀሐይ ዕቃ መደብር «ኮንትሮለር» ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይሞላ የሚጠብቀው መሣሪያ ነው። በመብራት ዕቃ መደብር ቢጠየቅ ደግሞ የአምፖል ብርሃን የሚያደበዝዘው «ዲመር» ሊሰጥ ይችላል። «ፍጥነት መቆጣጠሪያ» ተብሎ ቢጻፍም የመኪና ፍጥነት የሚገድበው መሣሪያ ሊታሰብ ይችላል። ሦስቱም ለእንዝርቱ አይረቡም፤ ሦስተኛው እንዲያውም ከነጭራሹ ሌላ ዕቃ ነው። የ180 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ተጉዞ የመጣ የማይሆን ዕቃ የቃል ጉድለት ወደ ገንዘብና ወደ ጊዜ ኪሣራ እንደሚለወጥ ያሳያል።

2. የሞተሩ ጠባይ

በጥገና ቤቶች የኤሌክትሪክ ሞተር ብዙ ጊዜ «ዲናሞ» ሲባል ይሰማል። ዲናሞ በመነሻ ትርጉሙ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ መሣሪያ በመሆኑ አጠራሩ ስሕተት ይመስላል፤ ነገር ግን ከእውነቱ ፈጽሞ የራቀ አይደለም። በባትሪ የሚሠራ ሞተር በሚዞርበት ጊዜ ራሱም እንደ ዲናሞ ሆኖ፣ ከባትሪው የሚመጣውን ቮልቴጅ የሚጻረር ቮልቴጅ ያመነጫል። ይህንን ተጻራሪ ቮልቴጅ እንበለው። ሞተሩ በፈጠነ መጠን ተጻራሪው ቮልቴጅ ይጨምራል፤ በሞተሩ ውስጥ የሚያልፈው ጅረትም ያንሳል።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። የሽቦው ተቃውሞ 1 ኦም የሆነ፣ በያንዳንዱ ቮልት ተጻራሪ ቮልቴጅ በደቂቃ 200 ጊዜ የሚዞር የ12 ቮልት ሞተር አለን እንበል። ሸክሙ 1.5 አምፔር የሚያስወስድ ቢሆን 1.5 ቮልት በሽቦው ላይ ይቀራል፤ የተረፈው 10.5 ቮልት በደቂቃ 2,100 ዙር ይሰጣል። ሸክሙ እጥፍ ሆኖ 3 አምፔር ቢደርስ ፍጥነቱ ወደ 1,800 ይወርዳል፤ ቅነሳው አንድ ሰባተኛ ብቻ ነው። ይኸው ሞተር በ6 ቮልት ሲሠራ ግን በመጀመሪያው ሸክም 900፣ በእጥፉ ሸክም 600 ዙር ይሰጣል፤ ቅነሳው አንድ ሦስተኛ ሆነ ማለት ነው። ከዚህ የምንረዳው ሞተር በዝግታ በሚሠራበት ጊዜ ለሸክም መለዋወጥ ይበልጥ የሚረታ መሆኑን ነው። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ሁሉ በዚህ ነጥብ ላይ የተመሠረተ ነው።

3. ሦስት ዓይነት መሣሪያዎች

ሀ) ተቃዋሚ ሽቦ። ጥንታዊው ዘዴ በባትሪውና በሞተሩ መካከል ተቃዋሚ ሽቦ አስገብቶ ቮልቴጁን መቀነስ ነው። ከላይ የተጠቀሰውን ሞተር በ6 ቮልትና በ1.5 አምፔር ለማሠራት ተቃዋሚው ሽቦ 9 ዋት ወደ ሙቀት ለውጦ ያባክናል፤ ይህም ሞተሩ ከሚወስደው ጋር እኩል ነው። በክረምት ፀሐይ በደመና ስትሸፈን የባትሪን ግማሽ ጉልበት ለሙቀት መገበር ብልኅነት አይደለም።

ለ) የምት መሣሪያ። ዛሬ በርካሽ የሚገኘው ባለ መዘውር መሣሪያ ቮልቴጁን አይቀንስም፤ በሰከንድ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሙሉውን ቮልቴጅ ይለቃል፤ መልሶም ያቋርጣል። እያንዳንዱ ልቀት አንድ ምት ነው። የልቀቱ ጊዜ ከሙሉው ዑደት ግማሽ ቢሆን ሞተሩ 6 ቮልት እንደተሰጠው ያህል ይሠራል፤ የሚባክነው ጉልበት ግን ጥቂት ነው። የምቱ ብዛት በሰከንድ ከ20,000 በታች ከሆነ ሞተሩ ሲያፏጭ ሊሰማ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ያለውን የሰው ጆሮ አይሰማውም።

ሐ) ዙር ቆጥሮ የሚያርም መሣሪያ። ይህኛው ምት ከመላክ አልፎ የሞተሩን ዙር ይለካል፤ ከታዘዘው ፍጥነት ጋር ያነጻጽራል፤ ቢጎድል የምቱን ድርሻ ያስረዝማል፣ ቢተርፍ ያሳጥራል። ከላይ ባየነው ምሳሌ ሸክሙ እጥፍ ሲሆን ዙሩ ከ900 ወደ 600 እንዲወርድ አይተወውም። የዚህ አሳብ መነሻ ከኤሌክትሪክ ሞተር ይቀድማል፤ ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1788 ለእንፋሎት ሞተር የገጠመው ባለ ሁለት እንክብል «ገቨርነር» በዚሁ መንገድ ይሠራ ነበር።

በ«ለ» እና በ«ሐ» መካከል ያለውን ልዩነት የደጋ በቅሎ ተቀማጭ በቀላሉ ይረዳዋል። ልጓም የበቅሎዋን ፍጥነት ይለውጣል፤ ዳገት ላይ መዘግየቷን ግን አያውቅም። የሚያውቀው ተቀማጩ ነው። የምት መሣሪያ ልጓም ብቻ ነው፤ ቆጥሮ የሚያርመው ግን ልጓምና ተቀማጭ ባንድነት ነው።

4. የቃላቱ ምርመራ

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላት ሲሰይም የተከተለው ልማድ ከባዕድ ቃል በፊት የአገር ውስጥ ቋንቋዎችን ሀብት መፈተሽ ነበር። በዚህ ረገድ ሁለት ነገሮችን እንመርምር።

የመጀመሪያው የግሱ ሥር ነው። «ተቆጣጠረ» የተገኘው ከ«ቆጠረ» ነው። ስለዚህ ቁጥጥር በመሠረቱ ቆጥሮ ማረጋገጥ ማለት ነው። የእንግሊዝኛው «ኮንትሮል» ምንጭ የሆነው የፈረንሳይኛ ቃልም ሒሳብ የሚመሳከርበትን ሁለተኛ መዝገብ ያመለክት ነበር። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ በአንድ አሳብ ላይ ተገናኝተዋል። እንግዲህ ዙር የማይቆጥረውን መሣሪያ «መቆጣጠሪያ» ማለት የሌለውን ችሎታ መስጠት ይሆናል፤ ገዢውም ሸክም ሲጨምር ፍጥነቱ ይጸናል ብሎ እንዲጠብቅ ያደርገዋል። ለምት መሣሪያ የሚቀርበው ግስ «መጠነ» ነው፤ ከባትሪው ጉልበት ድርሻ ድርሻውን መጥኖ መስጠት ተግባሩ ነውና።

ሁለተኛው የስሙ ቅርጽ ነው። በ«መ—ያ» ቅርጽ የሚወጡት እንደ መክፈቻ፣ መቁረጫ፣ መመዘኛ ያሉት ስሞች ሰው በእጁ የሚሠራባቸውን መሣሪያዎች ያመለክታሉ። በባለቤት ቅርጽ የሚወጣው ስም ግን ራሱ ሠሪ የሆነውን ያመለክታል። የመብራቱን ፍጆታ የሚመዘግበውን መሣሪያ ሕዝቡ «ቆጣሪ» እንጂ «መቁጠሪያ» አላለውም፤ ማንም ሳያዘው ይቆጥራልና። ሕጉ ፍጹም አለመሆኑ እውነት ነው፤ «ማቀዝቀዣ» ብርዱን በራሱ እየጠበቀ «መ—ያ» ይዞ ይኖራል። ቢሆንም ልዩነቱ በሕዝብ አነጋገር ውስጥ ሕያው ስለሆነ ለሙያ ቃል ልንገለገልበት እንችላለን።

5. ስለ አመራረጥ

በመሣሪያ ምርጫ ጊዜ ከዚህ የሚከተሉትን ማጤን ይገባል፦

ሀ) የሞተሩ ዓይነት። ሁለት ሽቦ ያለውና ጥገና ቤቶች «ካርቦን» የሚሉትን የሚጠቀመው ሞተር አንድ ዓይነት መሣሪያ ይፈልጋል፤ ካርቦን የሌለው ባለ ሦስት ሽቦ ሞተር ሌላ። አንዱ ለሌላው አይሆንም።

ለ) ቮልቴጅ። «12 ቮልት» የሚባለው የእርሳስ ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ ወደ 14.4 ቮልት ያህል ይደርሳል። መሣሪያው ይህንን በትርፍ የሚችል መሆን አለበት።

ሐ) ጅረት። ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። ምሳሌ ያደረግነው ሞተር በሥራ ላይ 1.5 አምፔር ብቻ ይወስዳል፤ ሲነሣ ወይም ተይዞ ሲቆም ግን ተጻራሪ ቮልቴጅ ስለማይኖር እስከ 12 አምፔር ይስባል። ስለሆነም የ2 አምፔር መሣሪያ በመጀመሪያው መታነቅ ሊቃጠል ይችላል። 12 አምፔሩን የሚሸከም፣ አለዚያም ጅረቱን ራሱ የሚገድብ መሣሪያ መምረጥ፣ በባትሪው በኩልም ፊውዝ መግጠም ያስፈልጋል።

መ) የአምፖል ዲመርን አለመጠቀም። ዲመር የተሠራው በቤት መስመር ለሚመጣው ተለዋዋጭ ጅረት ነው። በውስጡ ያለው ማብሪያ የሚዘጋው ጅረቱ ዜሮ ሲደርስ ሲሆን፣ የባትሪ ጅረት ግን በራሱ ዜሮ አይደርስም።

ሠ) ከፍታ። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል ከ2,500 ሜትር በላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው፤ ሙቀትንም ይበልጥ በዝግታ ይወስዳል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክ ማሽኖች ደረጃ የተለመደውን ልክ የሚሰጠው እስከ 1,000 ሜትር ላለው ከፍታ ነው። ስለዚህ በደጋ ያለ ሰው በዕቃው ላይ የተጻፈውን ጅረት እስከ ጫፉ አይጠቀምበት።

ረ) የሥራው ጠባይ። በእንዝርት ላይ አመልማሎውን የምትስበው እጅ ክሩ ሲከር ወይም ሲላላ ወዲያው ስለምታውቅ መጣኝ መሣሪያ ይበቃል፤ የሚቆጥረው ሰው ነውና። የዘመናዊ ቀፎ ማር ማውጫ ግን የተለየ ነው። ሰፈፉ በማር ሲሞላ ይከብዳል፤ እንዳይሰበርም በዝግታ መጀመር አለበት። ሞተር ለሸክም የሚረታው ደግሞ በዝግታ ሲሠራ ነው። እዚህ ላይ ቆጥሮ የሚያርመው መሣሪያ ለትርፍ ዋጋው ምክንያት አለው።

6. የቀረቡ ቃላት

ፍጥነት መመጠኛ፦ ለሞተር የሚሰጠውን ጉልበት በሰው እጅ ትእዛዝ የሚያበዛና የሚያሳንስ፣ ዙርን ግን የማይለካ መሣሪያ።

ፍጥነት ተቆጣጣሪ፦ የሞተሩን ዙር ለክቶ፣ ከታዘዘው ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን በራሱ የሚያርም መሣሪያ።

ፍጥነት መገደቢያ፦ ፍጥነት ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ የሚከለክል፣ ከዚያ በታች ግን ጣልቃ የማይገባ መሣሪያ።

የምት ድርሻ፦ በአንድ ዑደት ውስጥ ቮልቴጅ የሚለቀቅበት ጊዜ ከሙሉው ዑደት ጋር ያለው ንጽጽር፤ በመቶኛ ይገለጻል።

ተጻራሪ ቮልቴጅ፦ ሞተር በመዞሩ ምክንያት የሚያመነጨውና የመጣበትን ቮልቴጅ የሚጻረር ቮልቴጅ።

«መቆጣጠሪያ» የሚለው ቃል በሕዝብ አንደበት የጸና ስለሆነ ለሁሉም የወል ስም ሆኖ ይቀጥላል፤ ከላይ የቀረቡት እርሱን ለመሻር ሳይሆን በሥሩ ያሉትን ለመለየት ነው። ቃላቱ ተገቢ መሆናቸው የሚፈተነው በጥገና ቤትና በመደብር ነው። ባለእጁ በወረቀት ላይ «የ12 ቮልት፣ የ15 አምፔር ፍጥነት መመጠኛ፣ ለባለ ካርቦን ሞተር» ብሎ ሲልክ ሻጩ ሳይጠይቅ ያንኑ ዕቃ የሚያነሣ ከሆነ ቃሉ ሥራውን ሠራ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ አጠራር በየአካባቢያቸው የሚያውቁ አንባብያን ቢያመለክቱ ምርመራው ይበልጥ ይዳብራል።